በአንድ ትንፋሽ ሰባት ዱራሜ

የሆሳዕና መናኸሪያን የረገጠ ሁሉ ኸይረዲንን ያውቃል። ፊቱን ባያውቅ ድምፁን ያውቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዱራሜን መኪና የጠራው እሱ ነው። «ዱራሜ-ዱራሜ-ዱራሜ» ብሎ ሲጀምር ትኬት ቆራጩ እንኳ ሥራውን ትቶ በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ሰባት! ሌላው ጠሪ አራት ላይ ሲታነቅ፣ ኸይረዲን ሰባተኛውን «ሜሜሜ» ብሎ ጎትቶት፣ በተረፈው ትንፋሽ ደግሞ ይስቃል።

ከድምፁ ሌላ የሚኮራበት ነገር ነበረው፤ በአፉ አይዋሽም። ሌሎቹ ጠሪዎች አሥር ወንበር ባዶ እያለ «አንድ ሰው ብቻ! ሞላ!» ይላሉ። እሱ እንዲህ ማለት ሐራም ነው ብሎ ያምናል። ታዲያ ምን ዘየደ? ገና በወጣትነቱ ሾፌሩን «ሞተሩን አስነሳው» አለው። ተሳፋሪ ጆሮ ነዋ! ዝም ያለ መኪና ካየ ሻይ ቤት ይገባል፤ ሞተር ከሰማ ግን ዳቦውን በጉንጩ እንደያዘ ሮጦ ይሳፈራል። መኪናው ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ቢገተርስ? ኸይረዲን «ሊወጣ ነው» አላለም። ያለው ሞተሩ ነው።

ዘዴው ሠራ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ሠራ። የዶዮገናውም የአዲስ አበባውም ጠሪ ተማረው። ይኸው ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ሁሉ በቆመበት ይንደቀደቃል፤ የናፍጣው ጭስ ከመሬት አንድ የሰው ቁመት ከፍ ብሎ ይተኛል። ኸይረዲንም ከጭስ ማውጫው ሁለት እርምጃ ርቆ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይጠራል።

መጀመሪያ ሰባተኛው ዱራሜ ጠፋ። «ብርድ ነው» አለ። ቀጥሎ ስድስተኛው፣ ከዚያ አምስተኛው። ባለፈው ግንቦት፣ ገና የመጀመሪያውን ዱራሜ ሲጠራ መሀሉ ላይ ሳል ገባበትና «ዱራ…» ብሎ ቀረ።

«ጋሼ፣ መኪናው ዱራ ድረስ ብቻ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ተሳፋሪ። «ሜን በእግራችን ልንጨርሳት ነው?»

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ኸይረዲንም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። በማግሥቱ የተራ አስከባሪዎቹ ሰብሳቢ ትከሻውን ይዞ፣ «እስከ ነሐሴ ካልተሻለህ ሌላ ጠሪ እናስገባለን» አለው። ሃያ ሁለት ዓመት «ዱራሜ» ያለ አፍ ምን ሊል ነው?

ባለቤቱ ሃቢባ ነገሩን ስትሰማ ወገቧን ያዘች። «ኸይሩ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። እምቢ ካልክ ‹ጤና ጣቢያ-ጤና ጣቢያ› እያልኩ ጠርቼ ራሴ እጭንሃለሁ!»

ሄደ። ሲስተር አዜብ ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ አፉ ላይ አድርጋ «ይንፉ» አለችው። ነፋ። ቁጥሩን አይታ ፊቷን ቋጠረች።

«ሲጋራ ስንት ዓመት አጨሱ?»

«ወላሂ፣ በከንፈሬ ነክቼው አላውቅም!»

«ሥራዎስ?»

«መናኸሪያ፤ ዱራሜን ነው የምጠራው።»

አዜብ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎ ነዎት እንዴ! እናቴ ዱራሜ ናት። ሞተር ሰምቼ ሮጬ ተሳፍሬ፣ አንድ ሰዓት በጭስ ታጥኜ ነው የምሄደው። የማን ብልሃት ነው እባክዎ?»

ኸይረዲን ጫማውን አየ። በአፉ ስለማይዋሽ፣ «የኔ» አለ።

አዜብ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችው። «ሲጋራውን እርስዎ አላጨሱትም፤ አውቶቡሱ አጭሶልዎታል። የአየር ቧንቧዎ ጠቧል። የሄደው ሁሉ ላይመለስ ይችላል፤ ግን ጭሱ ከቆመ ብዙ ይሻልዎታል። ጭሱ ውስጥ ቆመው መድኃኒት መውሰድ ግን ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።»

በማግሥቱ ኸይረዲን ሾፌሩን እንድርያስን «አጥፋው» አለው።

«ምን?»

«ሞተሩን። የመጨረሻው ሰው ሲገባ ታስነሳዋለህ።»

«ሰውዬ፣ ታመሃል መሰለኝ! ሞተር ካልጮኸ ሰው አይመጣም ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህም?»

«ታምሜአለሁ። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ማፍረሱም የኔ ነው። ሦስት ቀን ስጠኝ።»

እንድርያስ እያጉረመረመ ቁልፉን ነቀለ። ኸይረዲን ከጭሱ ራቅ ብሎ በሩ አጠገብ ቆመ፤ «ዱራሜ-ዱራሜ! አሥራ ስምንት ሰው ይቀረዋል! ሻያችሁን ጠጡ፣ ሞተሩ ሲነሳ እንሄዳለን!»

የተሳፋሪው መሳቅ! «ይሄ ደግሞ ሰው አባራሪ ጠሪ ነው!» እያሉ ጎን ላይ ወደሚንደቀደቀው ሁለተኛው የዱራሜ ቅጥቅጥ ገቡ። በመጀመሪያው ቀን እንድርያስ ከሁሉም ኋላ ወጣ። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ሕፃኗ በሳል ሲንፈራፈርባት ከዚያ መኪና ወርዳ ወደ ዝምተኛው መጣች።

«ይሄኛው መቼ ነው የሚወጣው?»

«ስምንት ሰው ይቀረዋል፣ እህቴ።»

«እውነትህን ነው?»

«ሞተሩ ጠፍቶ ምን ብዬ ልዋሽሽ?»

ሳቀችና ገባች። ሰባት ሰው ተከተላት። እንድርያስ ቁልፉን አዞረ፤ መኪናው ወዲያው ከመናኸሪያው ውልቅ አለ! የጎኑ ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ቀሩ።

ወሬ በመናኸሪያ ከሚኒባስ ይፈጥናል። በሳምንቱ ሻይ ቤት ያለ ሰው የእንድርያስን ሞተር ሲሰማ ብቻ የሚሮጥ ሆነ፤ ያ ሞተር ከተነሳ ይሄዳላ! በሐምሌ መጨረሻ የጎኑም መኪና ሞተሩን አጠፋ። የዶዮገናው ገና ነው፤ ኸይረዲን ግን «እሱንም አስተምረዋለሁ» ይላል፣ አንዴ አስተምሮት የለ!

ነሐሴ ሲያልቅ ሰብሳቢው ሊሰማው መጣ። ያን ጠዋት ሲስተር አዜብም ለእናቷ ሙዝ ይዛ፣ «ጋሼ፣ ይወጣል?» እያለች ደረሰች።

«አንቺ ስትገቢ አንድ ሰው ብቻ ይቀረዋል።»

«እስቲ ይጥሩልኝ፤ ያለ መለኪያ ልለካዎ።»

ኸይረዲን ሰብሳቢውን ገረፍ አድርጎ አየና ደረቱን ሞላ። «ዱራሜ-ዱራሜ-ዱራሜ-ዱራሜ-ዱራሜሜሜ!»

«አምስት!» አለ ትኬት ቆራጩ ጣቱን ዘርግቶ።

«ሰባት ነበር» አለ ኸይረዲን፣ ሳይስል።

ሰብሳቢው «የሌላው ምርጥ አራት ነው» ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና ሄደ። ከሻይ ቤቱ አንድ ሰው አፉን እየጠረገ ወጣ፤ እንድርያስም ሞተሩን አስነሳ።