ጥቁሩ ክብ

እናቴን ከዶዮገና ይዣት የመጣሁ ዕለት ሆሳዕና ከተማ በጉም ተሸፍና ነበር። ባጃጁ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ሱቁም ሰዉም በሕልም የማየው መሰለኝ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጉሙን ታያለች። አልትራሳውንድ ግራ ኩላሊቷ ላይ እብጠት አሳይቶ፣ ዕጢ መሆን አለመሆኑ በሲቲ ስካን ይለይ ተብለን ነው የመጣነው።

ሆስፒታል ስንደርስ የማሽኑ ባለሙያ በደም ሥሯ ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት ሰጣትና አልጋው ቀስ ብሎ ይዟት ወደ ማሽኑ ገባ። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። ኩላሊቶቿ ጨረቃ እንደምትወጣ ቀስ እያሉ ነጡ። ግራው ላይ ግን አንድ ክብ ነገር ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው ብዬ ባለሙያውን ስጠይቀው፣ ሐኪሙ ያነበዋል አለኝ። እኛ አገር ጥቁር የሚለበሰው መቼ እንደሆነ የማያውቅ የለም። እዚያው ቆሜ በልቤ ቀበርኳት።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልምምድ ይሰማል፤ ጉሙ እየዋጠው መዝሙሩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። እናቴ ፊቴን አይታ ነገሩን ጨርሳለች። ጓሮ ያለው የደረሰው እንሰት ለእህትሽ ይሁን አለችኝ በከምባትኛ። ተናደድኩ። ማን ሞቶ ነው ውርስ የምታከፋፍይው አልኳት።

ሐኪሙ አስጠራንና ያንኑ ክብ በብዕሩ አሳየን።

«ጥቁር መሆኑ ነው ደጉ» አለ።

ዕጢ ቢሆን ኖሮ ደም ስለሚስብ መድኃኒቱን ጠጥቶ ያበራ ነበር። ይሄ ምንም አልጠጣም፤ ግድግዳውም ስስና ለስላሳ ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ስለሆነ አይነካም፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ አለን። ተማሪ አንድ ነገር ሁለቴ ሲያስደግመኝ የምቆጣው እኔ መምህርቷ፣ እሱን ሦስቴ አስደገምኩት።

እናቴ እጅጌዬን ትጎትታለች። ከረጢት የሚለው በከምባትኛ ጠፋኝ።

«ውሃ ነው፣ እማዬ» አልኳት። «ውሃ ብቻ ነው።»

እጅጌዬን ለቀቀች።

«ዕድሜዬን ሙሉ በጀርባዬ ስሸከም የኖርኩትን» አለች፣ «አሁን በሆዴ ብሸከም ምን ይከብደኛል?»

ሐኪሙ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ልተረጉምለት አፌን ስከፍት ልቅሶ ቀደመኝ።