ከአማቴ ጋር ያየሁት የኮሪያ አስፈሪ ፊልም

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሞተችው ልጅ ከቁም ሳጥኑ ስትወጣ፣ ሳሎናችን ውስጥ የጮህኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አማቴ እማማ ዘይነባ ከገጠሩ ግራና እኛ ወደምንኖርበት መርሳ የመጡት ለደም ግፊታቸው ሕክምና ነው። ቀጠሯቸው ሰኞ ነው። ጠዋት ግን «ቤት መዋል ሰለቸኝ፤ በዛሬው መኪና ልመለስ» አሉ።

ባለቤቴ «እስከ ሰኞ የሚያቆያት ፊልም አምጣ» ብላ ላከችኝ።

ገበያው አጠገብ በሚሞሪ ፊልም የሚጭነው ፈይሰል ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አስቂኝ የፍቅር ፊልሞቹንና ድራማዎቹን አልፎ አንድ የኮሪያ ፊልም መረጠ።

በፊልሙ ምስል ላይ ያለችውን ልጅ አይቼ «ፀጉሯ ፊቷን ለምን ሸፈነው?» አልኩት።

«ዓይናፋር ናት።»

«ጥፍሯስ?»

«ጋሼ፣ ለእማማ ዘይነባ ከሆነ ይመኑኝ።»

በጋዜጠኝነት ዘመኔ «ይመኑኝ» ያለኝን ሁሉ ሁለት ጊዜ አጣርቻለሁ። ዛሬ ሰነፍኩ።

ቤት ፊልሙ ተከፍቶ ከጮህኩ በኋላ «እማማ፣ ግፊትዎ እንዳይነሳ ላጥፋው?» አልኳቸው።

«ተው ልጄ፣ ገና መች ገደለች!»

ሲያልቅ ረክተው ተደገፉ። «የፍቅሩ ፊልም ተጋብተው ያልቃል፤ ድራማው ተላቅሰው። የዚህ ግን መጨረሻው አይታወቅም። ፈይሰል የእኔን ምርጫ ያውቃል።»

ባለቤቴ ቀና አለች። «እንዴት ያውቃል?»

እማማ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ለካ ለመርሳ ገበያ በመጡ ቁጥር የሚያስመሻቸው ሽንኩርቱ አልነበረም፤ ፈይሰል በስልካቸው ሚሞሪ ላይ ፊልም እየጫነላቸው ነበር።

እስከ ሰኞ ለመቆየት ተስማምተዋል። ተመሳሳይ ሁለት ፊልም እንዳመጣም አዘዋል። የእኔን ግፊት የሚለካ ግን አልተገኘም።

በእናንተስ ቤት፣ አስፈሪ ፊልም ወዳድ ሆኖ የተገኘው ጨርሶ ያልጠረጠራችሁት ሰው ማን ነው?