ዝናብ ብቻ የጠጣው ማሾ

ባለፈው ሳምንት ምስር ልገዛ ኮንዶሚኒየማችን ሥር ወዳለችው ሱቅ ወረድኩ። ባለሱቋ "ማሾም ገብቷል፣ ማዘር። ትልልቁ ይሻልዎታል፤ እዩት እንዴት እንደሚያብረቀርቅ!" አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ፣ እዚሁ ልደታ፣ በዚሁ ጉዳይ ከአለቃዬ ጋር ተጋጭቼ ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከምሠራበት የግብርና ቢሮ መዝገብ ቤት ወደ ዘር ክፍል ገና መዛወሬ ነው። ለሸዋ ሮቢት ቆላ ገበሬዎች የሚታደል የማሾ ዘር ሊመረጥ ተሰበሰብን። በሙከራ ጣቢያው ብዙ ምርት የሰጠው ባለ ትልቅ ፍሬው ነበር። ጣቢያው ግን ቦይ ስላለው መደቡ ሁለቴ ውሃ ጠጥቷል። ገበሬው ቦይ ከየት ያመጣል? ይህንኑ ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ቶሎ የሚደርሰው ባለ ትንሽ ፍሬው ይሻላል አልኩ።

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁ። "አንድ ክረምት እሰጥሻለሁ፤ እዚያው ቆላ ዘርተሽ አሳዪኝ። ከተሳሳትሽ መዝገብ ቤትሽ ይጠብቅሻል።"

ሐምሌ መግቢያ ላይ ወደ ሸዋ ሮቢት በአውቶቡስ ሄድኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ጋቢ ያስደርባል፤ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሹራቤን አውልቄ በወረቀት አራግብ ነበር። እትዬ ዘሐራ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ ከማሳቸው ጥግ ሰጡኝ። ትልቁንና ቶሎ የሚደርሰውን ትንሹን ማሾ ጎን ለጎን ዘራን። ከዝናብ በቀር ጠብታ ላንሰጣቸው ተስማማን።

አንድ ቀን የማሽላና የማሾ ንፍሮ እየበላን ደብተሬን አዩና፣ "ልጄ፣ ምርቱን ብቻ ነው የምትጽፊው?" አሉኝ።

"ሌላ ምን አለ፣ እትዬ?"

"ትልቁን አምና ዘርቼዋለሁ። እኩል አይደርስም። ዛሬ ትለቅሚያለሽ፣ በሳምንቱ ትለቅሚያለሽ፣ ደግሞ በሳምንቱ። ለቃሚ በነጻ ይመጣል?"

አፈርኩ። የለቃሚውን ቀን የምጽፍበት ዓምድ ወዲያው አሰመርኩ።

ነሐሴ ሳያልቅ ዝናቡ ቀጥ አለ። መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ ትልቁ ማሾ አበባውን አረገፈ። ትንሹም የሚከተል መስሎኝ እህል አልወርድልኝ አለ። እሱ ግን ቀድሞ ፍሬ ይዞ ነበር። መስከረም ላይ ከላይ እስከ ታች እኩል በስሎ ጠቆረ፤ በአንድ ቀን ለቅመን ጨረስነው። ስንመዝነው ትንሹ በለጠ። የለቃሚው ክፍያ ሲቀነስማ ትልቁ የዘሩን ዋጋ እንኳ አልመለሰም። እትዬ ዘሐራ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ጎረቤት ሠርግ መስሎት መጣ።

"ማሳው የኔ ነው፤ እኔም እመጣለሁ" ብለው አብረውኝ አዲስ አበባ ገቡ። ስብሰባው ላይ ሁለቱን ዘር ጠረጴዛ ላይ አፈሰስኩ።

"ለመሆኑ ይህን የለቃሚ ነገር ማን አሰበው?" አሉ ኃላፊያችን።

"እሳቸው ናቸው" ብዬ እትዬ ዘሐራን አሳየሁ።

እትዬም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ያንኑ ለእኔ ያሉትን ደገሙላቸው። ኃላፊያችን ደብተሬን ገጽ በገጽ አገላበጡ። ከዚያ "ትንሹ ይታደል" አሉና ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩ፦ "መዝገብ ቤት ሌላ ሰው ይፈለግለት።"

ከቢሮው ስንወጣ እትዬ ዘሐራ በልደታ ጎዳና መሀል አቅፈው ሳሙኝ፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ እስኪያየን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሹመትም አግኝቻለሁ፣ ጡረታም ወጥቻለሁ። ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ ግን የምነግረው ያንን ቀን ነው። መርታቴ ብቻ አይደለም ደስ የሚለኝ። ያስተማሩኝን ሴት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "እሳቸው ናቸው" ማለቴም ነው።