ከአባዶ እስከ ቦሌ፣ ስለ አንድ ጥቁር ነጥብ

ጠዋት፣ የካ አባዶ

ልጆቼ «የእማዬ እግር ቤት አይወድም» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የዛሬው መንገዴ ግን ለመናፈስ አይደለም። ለሕክምና ምርምር ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ቦሌ ተሰብስበው የነዋሪውን ሐሳብ ይሰማሉ ተብሎ፣ የሰፈራችን ነርስ ስሜን አስመዝግባልኛለች። የምናገረው ስለ ቆዳ ካንሰር ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁትም ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። የምለውን ግን አውቀዋለሁ፤ እህቴን ቀብሬበታለሁ።

እህቴ አስካለ ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣባት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ሰው «ማርያም ስማዋለች» እንላለን። «በስተርጅና ሳመችሽ!» ብዬ እልል ያልኩላት እኔው ነኝ። ነጥቡ ሲሰፋ ዝም አልን፤ ሲደማ ጫማው ነው አልን። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ብሽሽቷ ሁሉ አብጦ ነበር።

በአያት በኩል ሰሚት

የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ሂሳቡም ካለፈው ወር ጨምሯል። ድሮ እርሻ የነበረው ሜዳ ሁሉ ፎቅ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ወዴት እንደምሄድ ጠይቆኝ ነገርኩት።

«እማማ፣ እሱ እኮ የፈረንጅ በሽታ ነው። ጥቁር ሰው አይዘውም።»

«ልጄ፣ እህቴ ፈረንጅ አልነበረችም።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጎሮ

ጎሮ የወረድኩት ለተብርሃንን ይዤ ለመሄድ ነው። ቅመም ነጋዴ ናት፤ የአድዋ ልጅ፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ። መንገድ ላይ ስታነክስ አየኋት።

«ምን ሆነሻል?»

«አንቺ ደግሞ፣ አሮጊት ካላነከሰች ማን ያነክሳል?»

ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጫማዋን አስወለቅኳት። ተረከዟ ላይ ዳር ዳሩ የተበላሸ ጥቁር ነጥብ አለ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ። ማርያም ስማኝ ነው፤ ተይኝ።»

«አስካለንም ስማታለች ብለን ነበር።»

ጫማዋን አጥልቃ ቀድማኝ ታክሲ ገባች።

አራት ሰዓት፣ ቦሌ

አዳራሹ ይበርዳል፤ ወለሉም ያንሸራትታል። ሰብሳቢው ትሑት ሰው ነው። «እናታችን፣ ሦስት ደቂቃ አለዎት» አለኝ። የአስካለን ነገር ተናገርኩ። ሐኪሞቻችን በሽታውን እንዲያጠኑት፣ ሕዝቡም ውስጥ እግሩን ማየት እንዲለምድ ገንዘብ ይመደብ አልኩ።

«ሐዘንዎ ይገባናል» አለ። «ግን በሽታው እዚህ አገር ስንት ሰው እንደሚይዝ በቂ መረጃ የለም። ያለ መረጃ ደግሞ ገንዘብ መመደብ ይከብዳል።»

«ልጄ፣ ገንዘቡን የምለምነው መረጃው እንዲገኝ አይደለም ወይ? ሳይፈልጉ የለም ይባላል?»

ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ። ለተብርሃን ጫማዋን አውልቃ ቆማለች።

«አንዷ እኔ ነኝ» አለች። «ከእኔ ጀምራችሁ ቁጠሩ።»

ከተሰብሳቢው መሐል አንዲት ዶክተር ተነስታ መጣች። መሬት ተንበርክካ፣ የስልኳን መብራት አብርታ ተረከዙን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እማማ፣ ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን አይቆይ። ነገ ጠዋት እኔ ጋ ይምጡ፤ ናሙና እንወስዳለን።»

ሰብሳቢው ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲታይ ጻፍኩ አለ።

«አንብብልኝ» አልኩት።

አነበበልኝ። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጥኩት።

ወደ ቤት

ስብሰባው የተበተነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ገንዘቡ ይመደብ አይመደብ ገና አላወቅንም፤ እስኪመደብ ድረስ እመላለሳለሁ። ለተብርሃን ጎሮ ልትወርድ ስትል እጄን ያዘች።

«ማርያም ከሳመችኝ፣ ሐኪም ቢያየው አትቀየምም። ካልሳመችኝ ደግሞ ይቆረጥ።»

«ነገ በጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«ቁርስ ሳትበዪ ነይ፤ አብረን እንበላለን» አለችኝ።

ቀሪውን መንገድ የተብሰለሰልኩት በራሴ ነው። አስካለን ከለተብርሃን ጋር ሆነን ነው የቀበርነው። ስለ በሽታው ላገር ሁሉ ስናገር ጓደኛዬን አንድ ቀን እግርሽን አሳዪኝ ብያት አላውቅም። የዛሬው መንገድ ያስተማረኝ ይህንን ነው።

አባዶ ስደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ደረጃው ላይ ጎረቤቴ ዘምቢሏን አስቀምጣ ስታርፍ አገኘኋት። ጤናዋን፣ ልጆቿን ጠየቅኳት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ አልኩና፣ «እስኪ ጫማሽን አውልቂ» አልኳት።