ማን እንደሞተ ሳናውቅ ያለቀስንበት ጠዋት

የመኪና በር ድው ብሎ ሲዘጋ ግድ የለኝም። ቀስ ብሎ ሲዘጋ ነው የምደነግጠው። ጎረቤቴ ጨዋ ሰው ስለሆነ፣ ማለዳ ሲወጣ እኛን ላለመቀስቀስ የመኪናውን በር በሁለት እጁ ገፋ አድርጎ ጠቅ ብቻ እንዲል ያደርገዋል። ያቺን ጠቅታ ስሰማ አልጋዬ ላይ ተነስቼ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ወደኔ ሳትዞር፣ «ተኛ፣ ማንም አልመጣም» ትለኛለች። እሷም ነቅታ ኖሯል ማለት ነው።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ስሙኝማ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ማሳካ ነበር፤ ከካምፓላ ሲወጡ የሐይቁን ዳርቻ ይዘው ሲነዱ የምትገኝ ከተማ ናት። እኔ የመኪና መለዋወጫ እሸጥ ነበር። ዕድሜዬ ሃምሳን ነካ አድርጎ ነበር፤ ግን ሃምሳን የጉርምስና ማብቂያ አድርጌ ስለምቆጥረው ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ዘግይቼ በማግባቴ ልጆቼ ገና ትንንሾች ነበሩ። ሴቷ ትምህርት ቤት የገባች፣ ወንዱ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ የሚያደርግ። ሁለቱን ይዤ ገበያ ስወጣ ሻጮቹ «የልጅ ልጆችህ ያምራሉ» ይሉኛል። አመሰግናለሁ ብዬ አልፋለሁ፤ ምን ልበል?

የባለቤቴ ታላቅ እህት ካምፓላ፣ ናሙዎንጎ ትኖር ነበር። ኦዊኖ ገበያ ውስጥ የልጆች ሰልባጅ ትሸጣለች። ባሏ ዕቃ ጭኖ ጁባ ከሄደ ሰነባብቷል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ አልፎ አልፎ፤ ከዚያ ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። መንገዱ ክፉ ነው የሚል አለ፤ ኔትወርክ የለም የሚል አለ፤ ሁሉም የመሰለውን ይላል። እሷን በስልክ ስንጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እሱም ሥራ በዝቶበት ነው።» ባለቤቴ ስልኩን ትዘጋና፣ «ድምፅዋ ልክ አይደለም» እያለች ትተክዛለች።

ይኼኔ ለእኔ ለብልጡ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሳንነግራት፣ ሳትሰማ፣ ድንገት ሄደን ለምን ደስ አናሰኛትም? ሰርፕራይዝ! ፈረንጆች ሲያደርጉት አይቼ ቀንቼ ነበር። ባለቤቴ «ደውለን እንሂድ» ብትለኝ እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ሳይነጋ እንወጣለን፣ ገበያ ሳትሄድ እንደርስባታለን፣ አለቀ።

ዋዜማው ላይ ማሳካ የነበሩ አንድ አገር ቤት ያወቅናቸው ሽማግሌ ጉንጫቸውን ይዘው መጡ። ጥርሳቸው እንቅልፍ ነስቷቸዋል። «ካምፓላ፣ ንሳምብያ ሆስፒታል አስነቅለዋለሁ፤ አሳፍረኝ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ ደስ አለኝና አሳፈርኳቸው።

መንገዱን እስካሁን በአፍንጫዬ አስታውሰዋለሁ። ሉካያ ላይ የተጠበሰ የሙዝ ጭስ፤ በጨለማው ውስጥ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሻጮች መኪናው ሳይቆም በመስኮት የዶሮ እግር በእንጨት ሰክተው ይወረውሩብናል። ከዚያ ረግረጉ፤ ጉም፤ በዱላ ላይ የተንጠለጠለ ዓሣ፤ የእርጥብ ቄጠማ ሽታ። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ሽማግሌው ከአጠገቤ «እህህ» ይላሉ። ልጄ ከኋላ፣ «አባባ ለምን ያለቅሳሉ?» ትላለች። «አያለቅሱም፣ ጥርሳቸው ነው» ስላት፣ «ጥርስ ያለቅሳል?» ትላለች።

የምድር ወገብ ምልክት ጋ ስንደርስ ሰማዩ መገርጣት ጀምሮ ነበር። ልጆቹ ካልወረድን አሉ። ወንዱ አንድ እግሩን በዚህ አንድ እግሩን በዚያ አንፈራጦ መስመሩ ላይ ቆመና፣ «አሁን እኔ የት ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ሁለቱንም እግሩን አንስቶ ዘለለ። ባለቤቴ ብርዱ አንዘፍዝፏት ከመኪናው አልወረደችም፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር።

ናሙዎንጎ ስንደርስ ነግቷል፤ ሆስፒታሉ ገና ስላልተከፈተ ሽማግሌውም አብረውን ናቸው። የከሰል ጭስ ከየደጁ ይወጣል፤ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ዶሮ ይጮኻል፤ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂዎች ሞተራቸውን እያሞቁ ያወራሉ። መኪናውን ራቅ አድርጌ አቆምኩና ሠራዊቴን አዘዝኩ። «በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ። እንዳትስቁ። ኮሽ እንዳይል።» ልጆቼ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዙኝ ያን ቀን ነው፤ ባይታዘዙኝ ምን ነበረበት!

እስቲ አሰላለፋችንን ተመልከቱልኝ። ከፊት ሽማግሌው፣ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እጃቸው ጉንጫቸው ላይ፣ ዓይናቸው በጥርሱ ሕመም ውኃ ሞልቶ። ቀጥሎ ባለቤቴ በነጠላዋ ተሸፋፍና። ከእሷ ኋላ እኔ፣ በሩ ሲከፈት ወደ ላይ ልወረውረው ያሰብኩትን ባርኔጣ አውልቄ ደረቴ ላይ ይዤ። ከኋላዬ ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ትንፍሽ ሳይሉ።

እህቷ ውኃ ልትቀዳ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ብቅ አለች። አየችን። ጀሪካኑ ከእጇ ወድቆ እየተንከባለለ እግራችን ሥር መጣ።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይያዛል፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ፣ ድምፅ ሳይሰማ ይኬድበታል። እኔ ደግሞ ሰርፕራይዝ ብዬ ይኼን ሁሉ አንድም ሳላጓድል አሟልቼ ደጇ ላይ አቁሜላታለሁ።

«ወየው!» አለች። «ወየው እናንተ! ምን ይዛችሁ መጣችሁ!» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ ደረቷን መምታት ጀመረች።

«ኧረ ምንም የለም! ሁሉም ሰላም ነው!» ብዬ ጮህኩ።

መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚለው ምንድን ነው? ይኼንኑ ነው። ሰላም ነው፤ ትንሽ አሞት ነው እንጂ ደህና ነው። እኔ ሰላም ነው ባልኩ ቁጥር እሷ ይብስባታል። እንድታምነኝ ብዬ ሳቅኩላት። ስስቅ የማለቅስ እመስላለሁ፤ የሠርጌ ፎቶ ምስክር ነው። ሳቄን ስታይ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ይኼኔ ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። ነጠላው ከፊቷ ወርዷል። ያን የመሰለ ዓይን አይቼ አላውቅም።

«ለዚህ ነው ያመጣኸኝ?»

«ለምኑ?»

«እማዬ ናት አይደል? እማዬ ናት! እትዬ ሰምታለች፤ አንተ ደግሞ እንጠይቃት ብለህ አታለህ አመጣኸኝ!»

እናታቸው ደሴ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ። የባለቤቴም ጥርጣሬ እውነቱን ለመናገር የሚያስቅ አልነበረም። መርዶ የሚነገረውን ሰው ለጉብኝት ነው እያሉ ወደ ዘመዱ ቤት መውሰድ የኖረ ነገር ነው። ደውለን እንሂድ ስትለኝ እምቢ ያልኩት፣ በጨለማ ያስነሳኋት፣ ሽማግሌ የጫንኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትርጉም አገኘላት። ሮጣ እህቷ ላይ ተጠመጠመች።

«አይዞሽ እህቴ!»

«አንቺ አይዞሽ!»

«ኧረ አንቺ ይብስብሻል!»

አንዷ ለባሏ፣ አንዷ ለእናቷ፤ እየተሳሳሙ፣ አንዷ የአንዷን እንባ እየጠረገች። ሽማግሌው ይኼን ሲያዩ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ወግ ነውና ጉንጫቸውን እንደያዙ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በንዴት፣ «ለመርዶ እንደምታመጣኝ ቢያንስ አትነግረኝም ነበር? ማን ነው ሟቹ?»

«ማንም አልሞተም አባባ።»

«እሱን ለእነሱ በላቸው! ለእኔ እውነቱን ንገረኝ።»

እኔም እዚያ ቆሜ መጠራጠር ጀመርኩ። ሁሉም የሚያውቁት እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር ቢኖርስ? መርዶው የእኔ ቢሆንስ? ሽማግሌው «አሳፍረኝ» ያሉት አውቀው ቢሆንስ? አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ባርኔጣዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጆቹም እኛን አይተው ለቀቁት፤ ወንዱ «ቤታችን እንሂድ» እያለ ይጮኻል።

ቦዳ ነጂዎቹ ሞተራቸውን አጠፉ። ከወዲያኛው ደጅ ካሳቫ የምትጠብሰው ጎረቤት፣ ትልቅ ሰውነት ያላት የአገሬው ተወላጅ ሙጋንዳ፣ እጇን በልብሷ እየጠረገች ደረሰች። «ንጋ ኪታሎ! ንጋ ኪታሎ!» እነሱ ሰው ሲሞት የሚሉት ነው፤ ምን ዓይነት መዓት ነው እንደ ማለት። ሁለቱን እህትማማች በአንድ ክንዷ ጠቅልላ አቀፈቻቸውና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች።

«አኒ አፉዴ?»

ማን ነው የሞተው?

ባለቤቴ እህቷን አየቻት። እህቷ ባለቤቴን አየቻት። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እኔ ሽማግሌውን አየሁ። ሽማግሌው የሁላችንም ዓይን እሳቸው ላይ ሲያርፍ ግራ ገባቸው፤ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ከኋላ ያለችውን መንጋጋ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ኧረ እኔ ለጥርሴ ነው የመጣሁት!» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው ልጄ ናት። ቀጥላ ባለቤቴ፣ እንባዋ ሳይደርቅ። ጎረቤቲቱ በእንግሊዝኛም በስዋሂሊም በእጅም ሲነገራት ጊዜ ሳቋን መያዝ አቅቷት መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ትኩስ ካሳቫ በሳህን ይዛልን መጣች። ሽማግሌው በቦዳ ተጭነው ወደ ንሳምብያ ሄዱ፤ ጋቢያቸው እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ «ሁለተኛ ከአንተ ጋር መንገድ ብሄድ!» እያሉ።

ከሁላችንም የበለጠ የሳቀችው እህቷ ነበረች። ለልጆቹ ከመንገዱ ጥግ ሮሌክስ የሚሉትን የቂጣ ጥቅል አስመጣች፤ እንቁላሉ ከቂጣው ውስጥ እየሾለከ ጉንጫቸውን አወዛው። የሰልባጅ ጆንያዋን ፈታ ያላለበሰቻቸው የለም፤ ወንዱን የሴት ካፖርት የዝሆን ቅርጽ ካላቸው ቁልፎቹ ጋር አልብሳ «ይኼ የእናንተ ሚኒስትር ነው» እያለች አስቃናለች። ምሳ ሠራች። ማቶኬ፣ የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ፣ በስጋ። ቡና ሳይሆን ሻይ፣ ብዙ ስኳር ያለው። የእኔን አካሄድ ከነባርኔጣው እየደገመች ለጎረቤት ሁሉ አሳየች።

ነጠላዋን ግን ከወገቧ አልፈታችም። እየሳቀች፣ እየተንጎዳጎደች፣ ሳህን እያቀረበች፣ ለለቅሶ እንዳሰረችው ነበር። እኔም አየሁ፤ ባለቤቴም አይታለች። ማናችንም ፍቺው አላልናትም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ልጆቹን ከጓሮ ስታጥብ፣ እኔ የመኪናውን መስታወት ከጭቃ አጸዳለሁ። እህቷ መጣች፤ ከጎኔ ቆመች። ጨርቁን ከእጄ ወስዳ እሷ ማጽዳት ጀመረች።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«እነሱ ፊት መናገር አትችልም ብዬ ነው ያልጠየቅኩህ። አሁን ብቻችንን ነን።»

«ምን ልንገርሽ?»

«ስለ እሱ የሰማኸው ነገር የለም? አንድም?»

«የለም።»

«ማልልኝ።»

«በልጆቼ።»

መስታወቱን ወለወለች፤ የጸዳውን ደግማ ወለወለች። ከሐዲዱ ላይ ባቡር እየተጎተተ አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ሰምተህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለችኝ።

እኔ፣ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማያልቅብኝ ሰው፣ የመኪና ቁልፍ እያሽከረከርኩ ቆምኩ።

ሰውየው ከዚያ በኋላም አልመጣም። ሞተ ያለን የለም፤ አየሁት ያለን የለም። ከጁባ የሚመለስ ሁሉ ይጠየቃል፤ አንዱ ስሙን ሲሰማ ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ራሱን ይነቀንቃል። ያን ማለዳ እዚያ ደጅ ላይ ያለቀሰችለት ለቅሶ ካልተቆጠረ ሌላ አልተለቀሰለትም፤ ማን ሞተ ብሎ ድንኳን ይተከላል?

እኛ ካምፓላ ከገባን ቆየን። እሷ አጠገብ እንሁን ያለችው ባለቤቴ ናት፤ ሐሳቡን የእኔ አስመስዬ የማወራው እኔ ነኝ። አሁን ጢሜ ነጭ ነው፤ ጥርሶቼም አንድ በአንድ እየተሰናበቱኝ ነው። ሐበሻው መርዶ ሲኖር ከፊት አድርጎ የሚወስደው እኔን ሆኗል፤ ለጥበቤ እንዳይመስላችሁ፣ ለጢሜ ነው። የስንቱን ደጅ እንዳንኳኳሁ እኔ አውቃለሁ። ለእሷ ግን ይዤላት የምሄደው ወሬ የለኝም።

እሷ ቤት ስሄድ ሁልጊዜ አንድ ነገር ታደርጋለች። በሩን ትከፍትና ሰላም ከማለቷ በፊት ፊቴን ታያለች። ቅጽበት ነው፤ ሌላ ሰው ልብ አይለውም። ስለዚህ እኔ ፊቴን እስክታይ አልጠብቅም። ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ እስቃለሁ፤ ካሳቫ ሻጯን እሰድባለሁ፤ ቦዳ ነጂዎቹን በተሰባበረ ሉጋንዳ «ሴት ልጅ አላችሁ ወይ፣ ሙሽራ መጣ!» እላቸዋለሁ። ሰዎች ይኼ ሽማግሌ ሲያረጅም ቁም ነገር አልያዘም ይላሉ። ይበሉ።

ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማኛል። «መጣ ይኼ እብድ!» ትላለች።

ከዚያ በኋላ ነው በሩን የምትከፍተው።