ከእትዬ ጋር የመኪና ኤግዚቢሽን የሄድኩ ቀን

ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪና ኤግዚቢሽን የሄድኩት ብቻዬን ነበር፤ ያውም እንደ ሙሽራ ለብሼ። አዲስ ጥቁር ቆዳ ጫማ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ኪሴ ሙሉ ቢዝነስ ካርድ። መርካቶ ውስጥ ከአባቴ የተረከብኳት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለችኝ። ካንዴላ፣ የዘይትና የነዳጅ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ባጠቃላይ ሞተር የሚፈልጋቸውን ጥቃቅን ነገሮች እሸጣለሁ። አስመጪዎቹ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ ሲሉኝ፣ ከሁለት ከሦስቱ ጋር ተዋውቄ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

በሩ ላይ አንዷ ብሮሸር ሰጠችኝ፤ ተቀበልኩ። ቀጥሎ ያለውም ሰጠኝ፤ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና እሱንም ተቀበልኩ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ፌስታል ሙሉ ወረቀት ተሸክሜ፣ ተረከዜ ተልጦ፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ኮፍያ አትርፌ ወጣሁ። ያደልኳቸው ካርዶች የት እንደገቡ አላውቅም። አንድም ሰው አልደወለልኝም።

በማግስቱ እያነከስኩ ሱቄን ስከፍት እትዬ አዩኝ። እትዬ የምላቸው ከሱቄ ፊት ለፊት የሚነግዱትን ሴት ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ከጉራጌ የመጡት በልጅነታቸው ነው፤ ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ሱቁን ብቻቸውን ይዘውታል። የሚሸጡት ከመኪና ሥር ያለውን ነው። ኩሺኔታውን፣ ቴስቲኒውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎሚኒውን፣ ብረትና ብረት እንዳይፋጩ መሃል የሚገባውን ላስቲክ። አንድ ጎሚኒ በጣታቸው ዳብሰው የየትኛው መኪና እንደሆነ ይናገራሉ። ጋራዥ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሲጠፋባቸው እሳቸው ጋ ይልካሉ።

ምን ነካህ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ኤግዚቢሽን ከሃያ ዓመት በላይ ሲመላለሱበት እንደኖሩ፣ በመጀመሪያው ዓመት እሳቸውም እንደኔ እንደሆኑ ነገሩኝና በሚቀጥለው አብረን እንሄዳለን ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የሚቀጥለው እስኪመጣ ግን ብዙ ነገር ተለወጠ። ቤንዚን የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ አገር መግባቱ ቆመና የኤሌክትሪኮቹ መንገዱን ይሞሉት ጀመር። ኮፈናቸውን ከፍቼ ያየሁ ቀን ልቤ ወረደ። ካንዴላ የላቸውም። የዘይት ፊልትሮ የላቸውም። እኔ የምሸጠው ነገር ሁሉ የላቸውም። ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ምናልባት ጫማ ብነግድ ይሻላል አልኳት። እሷም ስለ ጫማ የማውቀው ተረከዝ መላጡን ብቻ እንደሆነ አስታወሰችኝ።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት እትዬ አርብ እንሂድ አሉ። ቅዳሜና እሁድ መኪና ተደግፎ ፎቶ የሚነሳው ይበዛል፤ አስረጂዎቹም ይደክማቸዋል፤ የደከመው ሰው ደግሞ የሚያውቀውን አይነግርህም አሉኝ። ጁምዓ እንዳለብኝ ስነግራቸው፣ በጠዋት የምንሄደው ለዚያው ነው፣ በር ሲከፈት ገብተን ከሶላት በፊት እንወጣለን አሉ።

ታክሲ ለመያዝ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ተገናኘን። መጀመሪያ ያዩት እግሬን ነው። ስኒከር አድርጌ ነበርና ፈተናውን አለፍኩ። እሳቸው ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከታች ሸራ ጫማ አድርገዋል። ትከሻቸው ላይ ያለው ሰፊ የጨርቅ ቦርሳ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ታክሲ ውስጥ ከፍተው አሳዩኝ። ቆሎ፣ ውሃ፣ ደብተር፣ ውፍረት መለኪያ ካሊፐር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ያለቀ ጎሚኒ። ያለቀውን ለምን እንደያዙት ጠየቅኳቸው።

«አዲሱንማ ማንም ያሳይሃል» አሉ። «ሰው እውነቱን የሚያወራው ያለቀውን ስታሳየው ነው።»

እንደገባን የመጀመሪያው ዙር ለዓይን ብቻ ነው አሉኝ። ምንም አይጠየቅም፣ ምንም አይወሰድም፤ ማን የት እንዳለ አይተን እንዞራለን። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ማሳ እንደሚጎበኝ ገበሬ ቀስ ብለው ሄዱ። እኔም ተከተልኩ፤ እጄ ግን ልማዱን አልተወም። አንዱ ብሮሸር ሲዘረጋልኝ ተቀበልኩ፤ ከዚያ ሌላው። ዙሩን ስንጨርስ ብብቴ ሥር አንድ ክምር ነበር። እትዬ አዩት።

ከዚያ ወደ ኋላ፣ ሻይ የሚሸጥበት ጥግ ወስደውኝ ቁጭ አልን። መብራት የበዛበት ቦታ የሚሸጡት ሰዎች አሉ፣ የሚጠግኑት ግን ሁልጊዜ ጥግ ነው የሚሰጣቸው፣ ሻይም እዚህ ነው የሚጠጡት አሉ። እውነትም አጠገባችን ግራጫ ቱታ የለበሱ ሁለት ሰዎች ስለ አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና እግር እያወሩ ነበር። እትዬ ሻያቸውን እያማሰሉ ሰሙ። ምንም የሰሙ አይመስሉም ነበር። ሲጨርሱ ተነሱና፣ ነጯ መኪና ጋ እንሂድ አሉኝ።

ነጯ መኪና ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆማለች። ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ተቀበለንና ስክሪኗ እንዴት እንደሚዞር፣ ሲያናግሯት እንዴት እንደምትመልስ፣ ወንበሩ ወገብ እንደሚያሽ አስረዳን። እትዬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙት። ሲጨርስ አመስግነው፣ ከመኪናዋ ቶሎ የሚበላሸው የቱ እንደሆነ ጠየቁት። ምንም አይበላሽም አላቸው። ከሥር ማየት ይቻላል ወይ አሉ። ለኤግዚቢሽን የመጣች ስለሆነች ከፍ ማድረግ አይፈቀድም አለ፤ በትህትና ነው የነገራቸው።

እትዬ ወደኔ ዞሩ። «እስቲ ያንን ወረቀትህን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ብሮሸሮቹን አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ደረደሩ። ቦርሳቸውን አስያዙኝ። ከዚያ ቀሚሳቸውን በነጠላቸው አጥብቀው አስረው በጀርባቸው ተኙና፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የመርካቶ ነጋዴ መኪናዋ ሥር ገቡ።

እውነቱን ልናገር፤ ለአፍታ የማላውቃቸው ለመምሰል ፈልጌ ነበር። ሰው ተሰበሰበ፤ ስልክ ያወጣም አለ። ሱፍ የለበሰው ጎልማሳ እኔን ያያል፣ እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ጥበቃው መጥቶ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ቆመ። በዚህ መሃል ሻይ ቤት ካየናቸው ባለ ቱታዎች አንዱ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው፣ ሰዉን ከፍሎ መጣና ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ የወደቀብዎት ነገር አለ?»

«የለም ልጄ። ጎሚኒዋን እያየሁ ነው።»

 ሰውየው ለጥበቃው ችግር የለም የሚል ምልክት ሰጥቶ፣ በመኪናዋ በሌላው በኩል ዞረና እሱም ተኝቶ ገባ። አሁን በአንድ ወገን ሸራ ጫማ፣ በሌላው የሥራ ቦት ብቻ ይታያል። ከሥር ሞቅ ያለ ጨዋታ ይሰማኛል፤ ነገር ግን አንዱንም ቃል በደንብ አልያዝኩም። ወዲያው የእትዬ ድምፅ መጣ።

«አንተ፣ ምን ትገተራለህ? ካሊፐሩን ይዘህ ግባ እንጂ!»

ገባሁ። ሸሚዜን አላሰብኩትም። ሰውየው በስልኩ መብራት እያሳየ ሁሉንም ነገረን። የኩባንያው መካኒክ ነው። ባትሪው ከባድ ስለሆነና መንገዳችንም የታወቀ ስለሆነ፣ ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ላስቲክ ከጊዜው በፊት እያለቀ እንደሚያስቸግራቸው አልደበቀም። እትዬ ጋዜጣውን ፈተው የያዙትን ያለቀ ጎሚኒ ሰጡት። አገላብጦ አየው፤ ለካነው። ቀዳዳው ከመኪናዋ ጎሚኒ ጋር አንድ ነው፤ ገላው ብቻ ትንሽ ይቀጥናል።

«እሱ አይደለም» አሉ እትዬ፤ «ግን ዘመዱ ነው።»

እዚያው ተኝቼ፣ ከላዬ ያንን ሁሉ ብሎንና ላስቲክ ሳይ ለወራት የያዘኝ ፍርሃት ላላ። ሌላ ቦታ ብንሆን የማልጠይቀውን ጠየቅኩት። ካንዴላ እየሸጥኩ እንደኖርኩ፣ ለዚህች መኪና የምሸጥላት ነገር ይኑር አይኑር እንደማላውቅ ነገርኩት። አልቀለደብኝም። ያሉት መኪኖች ነገ ጠዋት አይጠፉም፣ ካንዴላህን ገና ብዙ ዓመት ትሸጣለህ አለኝ። ይቺም ብትሆን ባትሪዋ እንዳይግል ኩላንት ትጠጣለች፤ ወደ ውስጥ የምታስገባውን አየር የሚያጣራ ፊልትሮ አላት፤ ዝናብ ሲመጣ መጥረጊያ ትፈልጋለች። በአዲስ አበባ አቧራ ደግሞ ያ ፊልትሮ ብዙ ጊዜ እንደማይቆይ ጨመረልኝ።

ስንወጣ ሰዉ ገና አልተበተነም ነበር። እትዬ ቀሚሳቸውን አራግፈው ብሮሸሮቹን ሰበሰቡና ለሱፍ ለባሹ መልሰው፣ ወረቀታችሁ ጠንካራ ነው ብለው አመሰገኑት። የመካኒኩን ካርድ ተቀብለው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ምን እንደነገራቸው፣ ቀዳዳው ስንት እንደሆነ፣ ሰውየው ግራጫ ቱታ እንደለበሰ። ካርድ ብቻውን ከሳምንት በኋላ የማን እንደሆነ አይናገርም አሉኝ። እኔም ለራሴ የሰጠኝን ካርድ አውጥቼ ኩላንት፣ ፊልትሮ፣ መጥረጊያ ብዬ ጻፍኩ።

ለጁምዓ ደረስኩ። ውዱእ ሳደርግ ጣቶቼ ላይ ያለው ጥቁር ቅባት አልለቅ ብሎ አስቸገረኝ። አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ምን ሥር ገብተህ ነው ብለው ሳሙና ሰጡኝ።

ሰኞ መካኒኩ ጋ ደወልኩ፤ በድምፄ ሳይሆን እትዬን ስጠቅስለት ነው ያስታወሰኝ። ዕቃውን ከሚያስመጣው ሰው ጋር አገናኘኝ። ከሱቄ መደርደሪያዎች አንዱን አስለቅቄ አዲሱን ዕቃ ደረደርኩበት። ለሁለት ወር ያህል ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አባቴ አንድ ቀን መጥተው አዩትና፣ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የዝናብ መጥረጊያ በበጋ ለማን ነው አሉኝ።

ክረምቱ ሲገባ መልሱ መጣ። መጀመሪያ የመጣው የኤሌክትሪክ ሜትር ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት በዚያ ሁሉ ተሸካሚና ጋሪ መሃል ማንም አይሰማትም፤ ስለዚህ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እንደ ተሸካሚ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ነው ሱቄ ድረስ የደረሰው። መጥረጊያና ፊልትሮ ገዛ። ከታች ደግሞ የሚንኳኳ ነገር አለ አለኝ። ፊት ለፊት ያሉትን ሴት ጠይቃቸው ብዬ አሻገርኩት። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው፣ የመካኒኩን ካርድ በእጃቸው ይዘው ከሱቃቸው ሲወጡ፣ እሱ ስለ ድምፁ ማስረዳት ጀምሮ ነበር።