በበሩ መቃን የተለካ ስቴካ

ሰመራ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ቤቴ ሰም ሰም ይሸታል። ሽታው የሚወጣው ከቁም ሳጥኔ አናት ላይ ካስቀመጥኩት የአቡጀዲ ከረጢት ነው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ያለ፣ ከሥሩ የተላገ እንጨት ጠረን ያለበት። ከረጢቱን ስፈታው ሁለት ዘንጎች ይወጣሉ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጠን ያለ። ቡሎኑን ከዳዶው አገናኝቼ ሳዞረው አንድ ስቴካ ይሆናሉ፣ የፑል መምቻ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አይታ፣ "አንቺ? ያለ ነጠላ ከቤት የማትወጪው ሴትዮ ፑል ትጫወቻለሽ?" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። አልጫወትም። አንዲት ኳስ እንኳ መትቼ አላውቅም። ግን ይህ ስቴካ ባይኖር አባቴና ወንድሜ እንደተኳረፉ ይቀሩ ነበር።

አባቴ አምቦ ላይ መቋሚያ ሠሪ ነበር። ካህናቱ ማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉበትን ዘንግ ዕድሜውን ሙሉ ሲልግ ኖረ። ሜትር አይወድም። ደንበኛ ሲመጣ "ና ቁም" ይልና ከሱቁ በር መቃን ጋር ያስጠጋዋል፤ ከተረከዝ እስከ አገጭ ለክቶ በእርሳስ ያሰምራል። መቋሚያው አልቆ ባለቤቱ ሲወስደው ምልክቱን በመላጊያ ፍቆ ያጠፋዋል። ያላለቀ ሥራ ካልሆነ በቀር በዚያ መቃን ላይ ምልክት አያድርም።

ታናሽ ወንድሜ እጁ ከአባባ እጅ የተቀዳ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው አባባ የራሱን መቋሚያ ሊሠራለት አቁሞ ለካው። እንጨቱ ሳይላግ ግን አንድ እሁድ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ፑል ቤት ስቴካ ጨብጦ አገኘው።

"ይህን እጅ ያስተማርኩት ለዚህ ነው?"

"አባባ፣ ይሄም ዘንግ ነው እኮ።"

"እንግዲያስ ዘንግህ ባለበት እደር!"

ልጁም ቃሉን እንዳለ ወሰደው። ጉደር ሄዶ ፑል ቤት ተቀጠረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደ ባሕር ሆነ። አባባ ስሙን አይጠራም። እኔ በየጊዜው እየሄድኩ አየዋለሁ፤ ስመለስ አባባ ምንም አይጠይቀኝም፤ ግን ጫማዬን ያየዋል፣ የጉደር ጭቃ እንዳለበት።

አንድ ቀን ወንድሜ ተበሳጭቶ አገኘሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየከተማው ልጆች ጋር ለመግጠም ይዞራል፤ የየፑል ቤቱ ስቴካ ደግሞ ጎባጣ ነው። የራሱን አንድ ቢገዛ፣ የሚኒባሱ ረዳት "ዱላ ይዘህ ውስጥ አትገባም" ብሎ ጣሪያ ላይ ጭኖበት ለሁለት ተሰበረ።

መፍትሔው የሚገኘው አባባ ሱቅ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በየንግሡ ለሚዞሩ አንድ መሪጌታ ለሁለት የሚፈታ፣ መሃሉ በቡሎን የሚገጥም መቋሚያ ሠርቶላቸዋል፤ መኪና ውስጥ ከጉልበታቸው ላይ አስተኝተውት ይሄዳሉ። እኔም ይህን ነገር ሳላስጨርስ እንደማልተኛ ለራሴ ነገርኩት።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሱቁ በር ላይ ቆሜ፣ "አባባ፣ ለልጅህ የሚፈታ ስቴካ ሥራለት" አልኩት። መላጊያውን እንኳ አላቆመም። በማግስቱ ደግሜ አልኩ። በሦስተኛው ቀን "አንቺ ልጅ፣ ጾም ላይ ነን" አለኝ። "ለዚያ ነው የምለምንህ" አልኩት። ሰው ባለበት አላልኩም፣ ድምፄንም ከፍ አላደረግኩም፤ አንድም ቀን ግን አልዘለልኩም። አንዳንዴ ፍቅፋቂውን እየጠረግኩ እላለሁ፣ አንዳንዴ ምሳውን አስቀምጬ። ሆሳዕና ሲደርስ፣

"አንቺስ በመጎትጎት ከመሪጌታው ትብሻለሽ" አለ። ደግሞም፣ "ወይራ ብቻውን ይከብደዋል" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

እጀታውን ከወይራ፣ ጫፉን ቀለል ካለ የቀረሮ እንጨት ሠራው። አናቱ ላይ ከበሮ ጠጋኙ ጎረቤታችን ከጣለው ቁራጭ ቆዳ ለጠፈበት። ሰም አሽቶ፣ በአቡጀዲ ጠቅልሎ የፋሲካ ሰሞን ሰጠኝ። "እሁድ እንዳይነካው። በጾም እንዳይነካው። ይህን ንገሪው" አለ። ከማን እንደሆነ ንገሪው አላለኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ጉደር ወረድኩ። ወንድሜ የለም፤ "በመጀመሪያው መኪና እንጭኒ ሄዷል፣ ግጥሚያ አለው" አሉኝ። አስቀምጬው ብመለስ ማንም የሚወቅሰኝ አልነበረም። ግን ከእጄ ወደ እጁ ሳይገባ ላልመለስ ወጥቻለሁ። በመጣሁበት አምቦን አልፌ፣ ሁለት መኪና ቀይሬ፣ ከረጢቱን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ ሄድኩ። ረዳቱ "እቴቴ፣ ምንድን ነው?" ቢለኝ፣ "የአባቴ ሥራ ነው" አልኩት፣ እንዳልዋሽ።

እንጭኒ ያለው ፑል ቤት የእህል መጋዘን የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩ። ኳስ ከኳስ ሲጋጭ፣ ጠመኔ ሲፋቅ ይሰማል፤ አቧራው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። አንዱ አየኝና "ንስሐ ግቡ፣ ሰባኪ መጣች!" አለ። ወንድሜ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እታለም! ማን ሞተ?"

"ማንም። እንካ።"

ከረጢቱን ፈታው። ቡሎኑን ሲያዞር እጁ የአባባን ሥራ አወቀው፤ አልጠየቀኝም። ሲያቆመው ግን ስቴካው ከትከሻው ብዙም አላለፈም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ቄሲን ዹፌ!" አለ ባላጋራው፤ ቄሱ መጣ ማለቱ ነው። "መቋሚያ ይዞ መጣ! ጽናጽሉስ የት አለ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንድሜ ጫፉን ጠመኔ ቀባው።

የዚያ ቤት ጠረጴዛ አንድ ጎኑ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሊቀር ምንም አልቀረውም። ኳሷ እዚያ ጥግ ስትደርስ የሌሎቹ ረጅም ስቴካ ግድግዳውን ይመታል፤ ወደ ላይ አንስተው ሲመቱ ይስታሉ። የወንድሜ አጭር ስቴካ ግን ልክ ገባለት፤ ጎንበስ ብሎ እንደልቡ ይመታታል። ከምሳ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ባላጋራው ራሱ ስቴካውን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ "ኦቦ ቄስ፣ ለኔም አንድ አሠራልኝ" አለው።

ወንድሜ አሸንፎም አልፈነጠዘም። መኪና ስንጠብቅ ስቴካውን አቁሞ አገጩን አስጠጋበት፤ አራት ጣት ያህል ያንሳል።

"በምን ለካው?" አለኝ።

"በበሩ ምልክት።"

"የኔ? አላጠፋውም?"

"ሥራው መች አለቀና?"

መኪና ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም የአባባን ሁለት ትእዛዝ ነገርኩት።

በማግስቱ እኔና አባባ ከቅዳሴ ስንመለስ ወንድሜን ሱቁ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ከረጢቱን በሁለት እጁ ይዟል። ሁለቱም እኔን ያያሉ። በመጨረሻ ወንድሜ፣

"አባባ፣ አጠረኝ" አለ።

አባባ ከላይ እስከ ታች አየው።

"ስቴካው አላጠረም። አንተ ነህ የረዘምከው።" ከጆሮው ኋላ እርሳሱን አወረደ። "ና ቁም።"

አዲሱን ምልክት ከአሮጌው በላይ አሰመረ። አሮጌውን አልፋቀውም።

ሁለተኛውን፣ ረጅሙን ስቴካ ወንድሜ ዛሬም ይዞ ይዞራል። አጭሩ ለእኔ ደረሰ። አባባ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኑ፤ ሱቁን ወንድሜ ይዞታል፣ መቋሚያም ስቴካም ይልጋል፣ እሁድ ይዘጋል።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። በሩ በምስጥ ስለተበላ ሊቀይረው ነው።

"መቃኑን እንዳትጥለው" አልኩት።

"እታለም፣ ሰመራ ድረስ ያን ሁሉ እንጨት ማን ይጭነዋል?"

"የአባትህ ልጅ አይደለህ? ለሁለት ቁረጠው፣ በቡሎን ግጠመው፣ በከረጢት ላከው።"

ሳቀ። ከዚያ መጋዙን አንስቶ ነው መሰለኝ፣ "የቱ ጋ ልቁረጠው?" አለኝ።

"ከታች ቁረጠው" አልኩት። "በሁለቱ ምልክቶች መሃል ግን መጋዝ እንዳታሳርፍ።"